ተሰብሮ በመጣ ዕቃ መብታችሁን የሚያስበሉ ስህተቶች

ፍሪጅና ማጠቢያ ማሽን መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ ባሕር ዳር የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሬ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ሻጭ ምን ብሎ እንደሚያመልጥ አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ።

ሰው እኔ ጋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ ዕቃው ተሰብሮ ወይም ጎድጉዶ ደርሶት፣ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ድምፁ ሰልሎ ይመጣል። "አንተ ባለሙያ ነህ፣ ሲመጣም የተበላሸ ነበር ብለህ ጻፍልኝ" ይለኛል። ያየሁትን መጻፍ እችላለሁ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለቀው እኔ ጋ ሳይደርስ ነው። በር ላይ፣ ዕቃው ከመኪና በወረደ በአምስት ደቂቃ ውስጥ።

ሳያዩ መፈረም

ይቺን ስህተት ሳያት ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ፍሪጅ አዘዙ። በስልክ ተስማሙ፣ ብሩን በባንክ ላኩ፣ "ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን" ተባሉ። ፍሪጁ አባይ በረሃን ወርዶ፣ ደጀንን ወጥቶ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ዝናብ ነው። መብራት ጠፍቷል። ጫኝና አውራጆቹ በማውረጃ ሒሳብ ይነታረካሉ። ያመጣው ልጅ ወረቀት ዘርግቶ "ማዘር፣ ቶሎ ይፈርሙልኝ፣ ሌላ ሁለት ቤት ይቀረኛል" ይላል። ልጁ ዝናብ ላይ መቆሙ አሳዘናቸው። በስልክ መብራት ፈረሙ። ሻይ ሊያፈሉለትም ነበር።

ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት በሩ ጎድጉዷል። ከኋላ ያለው ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ ወደ ውስጥ ተጣሟል። ደወሉ። መልሱ አጭር ነበር፦ "ያለ ምንም ጉድለት ተረክቤአለሁ ብለው ፈርመዋል።"

ወረቀቱን አየሁት። እውነትም እንደዚያ ይላል።

ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። ይሉኝታ ነው። በር ላይ የቆመን ሰው "ቆይ፣ ልየው" ማለት ሌባ ነህ እንደማለት ይመስለናል። ገበያ ወጥተን አንድ ኪሎ ቲማቲም ስንገዛ ግን እያንዳንዷን አገላብጠን ነው። የቲማቲሟ ሴትዮ አትቀየምም። የስድሳ ሺህ ብር ዕቃ ሲሆን በታሸገ ካርቶን ተቀብለን "እግዜር ይስጥልኝ" እንላለን!

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። ያኔም ቢሆን ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያው ይመርምር፣ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ያስታውቅ ብሏል። ስለዚህ ማየት የናንተ ሥራ ነው። ልጁ ይቁም። ካርቶኑ ይከፈት። አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ፤ ከነማሸጊያው ጀምሮ፣ ሳያቋርጥ።

አልቆምም ካለስ? ፊርማችሁ አጠገብ በእጃችሁ ይህን ጻፉ፦ "ካርቶኑ በግራ በኩል ተጨፍልቋል። ውስጡን ሳላይ ነው የተረከብኩት።" ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሩበት። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ሻጭ ቤት በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ አለቃችን ፊቱን አኮሳትሮ ዝም ይል ነበር። ከዚያ "ቀይሩለት" ይላል። ያልተጻፈበት ሲመጣ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥና ክርክሩን ይጀምራል።

ከፈረማችሁ ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። በዓይን የማይታይ፣ ውስጥ ያለ ጉድለት በኋላ ሲገለጥ አሁንም መጠየቅ ትችላላችሁ። የጎደጎደን በር ግን "አልታየኝም ነበር" ብላችሁ ማንን ታሳምናላችሁ?

እንደወረደ መሰካት

ይቺ የኔው ሙያ ነች። ፍሪጅ ቆሞ ነው መጓዝ ያለበት። ግን አይሱዙ ላይ ቦታ እንዲተርፍ ያስተኙታል። ሲተኛ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። እንደወረደ ከሰካችሁት ኮምፕረሰሩ በቂ ዘይት ሳይኖረው ይነሳል፤ ያኔ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አቁሙትና ተዉት። ቆሞ ከመጣ ጥቂት ሰዓት፣ ተኝቶ ከመጣ እስከ አንድ ቀን። አብራው የመጣችውን መመሪያም እዩአት፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ብዙ ጊዜ ተጽፎባታል።

ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ ዲፕ ፍሪዘር ገዛ። ዐቢይ ጾም ነበር፣ ዓሣ የሚፈለግበት ጊዜ። በወረደ በግማሽ ሰዓቱ ሰካው። ቆሮሶውንም አምባዛውንም ሞላበት። በማግስቱ ክዳኑ ሲከፈት ሽታው አያስቀርብም። ሻጩ የላከው ባለሙያ ከበር ሳያልፍ የጠየቀው "ሳይሰካ ስንት ሰዓት ቆየ?" ብሎ ነው። ወዳጄ የዋህ ነው። "ወዲያው ነው የሰካሁት" አለ። አበቃ።

በኋላ እኔ ስፈታው ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል። መንገድ ላይ ተጎድቶ ይሁን እዚህ በመሰካቱ፣ ከተቃጠለ ወዲያ አይለይም። ሻጩን የጠቀመውም ይኸው አለመለየቱ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለ ስታቢላይዘር መገኘትም ያው ነው። "ቮልቴጅ ነው የመታው" የምትለዋን መልስ ሻጭ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይዟት ነው የሚዞረው። እኔም ይዣት ዞሬያለሁ።

ምጣዱን ሳያንኳኩ ማሟሸት

የኤሌክትሪክ ምጣድ መንገድ አይወድም። ሽቦው ደህና ሆኖ ሸክላው ይሰነጠቃል። እናቶቻችን ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው ድምፁ ታፍኖ ይቀራል፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ለዓይን ባይታይ እንኳ ጆሮ ይይዘዋል። ይህን ልጁ ሳይሄድ በር ላይ አድርጉት። ወጣቶች ታፍራላችሁ፣ አውቃለሁ። አክስታችሁን ጥሩ።

አንዴ ጎመን ዘር ከነካው በኋላ ግን "አዲስ ነው፣ ቀይሩልኝ" ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። ሰንጥቃችሁ ያመጣችሁት እናንተ ትሆናላችሁ።

አውራጁ ላይ መጮኽ

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ገንዘባችሁን የተቀበለው ሻጩ ነው፤ እሱን ያዙ። ይህ ግን ሻጩ እናንተ ቤት ድረስ ላደርስ ብሎ ሲስማማ ነው። መኪናውን ራሳችሁ ተከራይታችሁ ከመርካቶ ካስጫናችሁ "ከኔ ቤት ደህና ወጥቷል" ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ጥያቄው ወደ ባለመኪናው ይዞራል። ስለዚህ ገና ስትስማሙ "የት ድረስ ነው የምታስረክበኝ?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

በስልክ ብቻ መጨቃጨቅ

ሰው ሃያ ጊዜ ይደውላል። ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ይምላል። በኋላ "ነግሬዋለሁ" ይላል። ምን ይዘህ? ጥሪ መደወሉን እንጂ ምን እንደተባለ አያሳይም።

ጻፉለት። ስድብ አያስፈልግም። ይህን ያህል ይበቃል፦

"ከናንተ የገዛሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዛሬ ደርሶኛል። የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ በሩም አይገጥምም። ፎቶውንና ደረሰኙን ልኬላችኋለሁ። እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።"

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላል። ቴሌግራም ላይ የምትገዙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻጩ የተጻጻፋችሁትን ከሱም ከናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ማስታወቂያውን፣ ዋጋውን፣ "ኦሪጅናል ነው" ያላችሁን ሁሉ ስክሪንሻት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሳትከፍሉ በፊት እንጂ ከተጣላችሁ በኋላ አይደለም።

"ነገ ቴክኒሻን እልካለሁ" ብሎ መታለል

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ሻጩ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከሰጣችሁ እሱ እንዳለ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ከግዢው ነው። ዕቃው ስምንት ቀን መንገድ ላይ ከቆየ የቀራችሁ ሰባት ነው። ብልጥ ሻጭ ይህን ከናንተ በላይ ያውቃል።

አያውቅም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሱቅ ሳለሁ "ማክሰኞ ባለሙያ ይመጣል" እንል ነበር። ማክሰኞ ሲደርስ "መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው።" ከዚያ "በዓል ስለሆነ።" ደንበኛው ትሑት ሆኖ ይጠብቃል። እኛ ቀን እንቆጥራለን። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ሥራ እየሠራሁ ነበር የሚመስለኝ።

ጥገናውን ከተቀበላችሁም በጽሑፍ ተቀበሉ፦ "ካልተስተካከለ እንዲለወጥልኝ የጠየቅሁት እንዳለ ሆኖ።" ከሁሉም በላይ ግን ማሽኑን ለኔ ቢጤ ሠፈር ጠጋኝ አታስከፍቱት። ለኔ ገንዘብ ነው፣ ለናንተ ኪሳራ። ማሽኑ ላይ ያለውን እሽግ (ሲል) ከቀደድኩት በኋላ ሻጩ "የነካካው ሰው ይጠየቅ" ይላል። እኔም እዚያ ጠብ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ማኅተም መፍራት

ደረሰኝ ላይ ታትሞ ታዩታላችሁ፣ ግድግዳ ላይም። ማኅተም አዋጅን አይሽርም። ተሰብሮ ለመጣ ዕቃ አይሠራም። "ቀለሙ ከመጋረጃዬ አልሄደም" ለሚል ሰው ግን ይሠራል። እንዲህ እያሉ የሚመጡም አሉ። በነሱ ምክንያት ነው ሻጭ እውነተኛውን ቅሬታ ሁሉ በጎሪጥ የሚያየው።

ካርቶኑን ደግሞ ለማገዶ አትስጡ።

ባዶ እጅ ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ

ሻጩ እምቢ ካለ የክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። ሰው ግን ይሄድና የልቡን አውርቶ ይመለሳል። እዚያ ያለው ሠራተኛ የሚፈልገው ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ የደረሰኙ ኮፒ፣ የታተሙ ፎቶዎች፣ የጻፋችሁለት መልእክት። መጨረሻው ላይ ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ አስቀምጡ። "ፍትሕ እሻለሁ" ሳይሆን "ማጠቢያ ማሽኑ እንዲለወጥልኝ" በሉ። ያስገባችሁበትን ቀንና ማኅተም የያዘ ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።

ያለ ደረሰኝ መግዛት

ስለዚህ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል፣ ምክንያቱም አድርጌዋለሁ። ሻጭ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የማውቀው ሰው ሱቅ ነበር። ባለመስታወት ቡፌ። "ያለ ደረሰኝ ከሆነ አሥራ አምስት ፐርሰንቷ ትቀርልሃለች" አለኝ። ሳቅኩና ከፈልኩ። በባጃጅ ጋሪ ጭነው ሲያመጡት አንዱ መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ደወልኩለት። "የትኛው ቡፌ?" አለኝ።

መስታወቱን በራሴ ገንዘብ አስቆርጬ አስገጠምኩ። ቆራጩ ሒሳቡን ሲቀበል "ደረሰኝ ትፈልጋለህ እንዴ?" አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከኔ ቀድማ መለሰችለት።