«ኪን» (keen) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ስትተረጉሙ

ባለፈው ወር የአንድ ጀማሪ ተርጓሚ ረቂቅ እያረምኩ ነበር። ታሪኩ አይርላንድ ውስጥ ነው። ሟቹ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ሻማ በርቷል። አሮጊቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «አሮጊቶቹ ሌሊቱን ሙሉ በጣም ጓጉተው አደሩ።» እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህን ስህተት ሳይ አራተኛ ጊዜዬ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርናት «ኪን» ጉጉት ናት። የጥንት እንግሊዝኛ ናት፤ ድሮ «ደፋር» ማለት ነበረች። የለቅሶዋ «ኪን» ግን ሌላ ቃል ናት። ከአይሪሽ ቋንቋ ነው የመጣችው፤ እዚያም ማልቀስ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የተዋሳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ነው። ፊደላቸው ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ገናን በዓሉንና «ገና ነው» የምንለውን ማን ያምታታል? እባካችሁ፣ አጠገቧ ሬሳ ወይም መቃብር ካለ መዝገበ ቃላቱን ቶሎ አትዝጉት። ሁለተኛዋ «ኪን» ከታች አለች።

ቃሏን በትክክል አግኝተው «አለቀሱ» ብለው የሚያልፉም አሉ። ይሄ የበለጠ ያሳዝነኛል። የአይርላንዶቹ ለቅሶ እንባ ብቻ አልነበረም። ግጥም አለው፣ ዜማ አለው፣ መሪና ተቀባይ አለው። መሪዋ ሟቹን በስሙ እየጠራች ዘሩን ትቆጥራለች፣ ታወድሰዋለች። ለሙያዋም ይከፈላታል። ይህን ነገር እኛ እናውቀዋለን፤ ሙሾ ነው። አውራጅም አልቃሽም አለን። እ.ኤ.አ. በ1773 አርት ኦሊሪ የሚባል ከኦስትሪያ ጦር የተመለሰ መኮንን በጥይት ተገደለ። በዘመኑ ሕግ ካቶሊክ ከ5 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ፈረስ ሊኖረው አይችልም ነበር። ጠላቱ ፈረሱን በ5 ፓውንድ ሽጥልኝ ሲለው እምቢ ብሎ ነው ይባላል። ሚስቱ አይሊን ባወረደችለት ሙሾ፣ ፈረሱ ደም ነክቶት ብቻውን ቤት ሲደርስ ዘላ እንደወጣችበት ትናገራለች። ባሏን ስታገኘው ደሙን በመዳፏ እየጨለፈች ጠጣች። ይህችን ሴት «አለቀሰች» ብላችሁ አትለፏት። ሙሾ አወረደች በሉ።

ሦስተኛውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ባሏ የሞተባትን ሴት «ታላዝናለች» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አነበበችና «ምን አድርጋህ ነው እንዲህ ያዋረድካት?» አለችኝ። ማላዘን የውሻ ነው፤ ለሰው ሲሆን ስድብ ነው። ያን ገጽ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በእንግሊዝኛው «ኪን» የሚያደርገው ውሻ ከሆነ ግን ያለ ስጋት ጻፉት።

በአይርላንድ ተረት የምትመጣውን «ባንሺ»ን ደግሞ ጠንቋይ አትበሏት። ሰው ከመሞቱ በፊት ለቤተሰቡ የምታለቅስ መንፈስ ናት።

ዘመኑንም እዩ። የካቶሊክ ካህናት ሙሾውን ለረጅም ጊዜ ሲቃወሙት ኖረዋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ስለዚህ የዛሬ ደብሊን ውስጥ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንዲት እናት «ኪን» ካደረገች ሙሾ አይደለም። ግጥም የላትም፣ ተቀባይም የላትም። እዚያ ጋ «አንጀት በሚበላ ድምፅ ዋይ ዋይ አለች» ብትሉ ይበቃል።