የጊታርን ፍሬትቦርድ ከእድፍ እንዴት ማጽዳት ይቻላል

ፍሬትቦርድ ጣት ክሮቹን የሚጫንበት የጊታር አንገት ሰሌዳ ነው፤ ጊታር አዘውትሮ በሚጫወት ሰው እጅ ሲሆን በየፍሬቱ፣ ማለትም ሰሌዳውን አቋርጦ በተተከለው በእያንዳንዱ ቀጭን ብረት፣ ሥር ጥቁር እድፍ ይጋገርበታል። እድፉ የጣት ላብ፣ ቅባትና የረገፈ ቆዳ ከአቧራ ጋር ተላቁጦ የደረቀ ሲሆን፣ በባሕር ዳር የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ በሚመጡት ደረቅ ወራት አቧራው ስለሚበዛ በቶሎ ይጠጥራል።

በመጀመሪያ እንጨቱን መለየት ያስፈልጋል። ሮዝውድና ኢቦኒ ጠቆር ያሉና አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሽ ያልተቀቡ ናቸው፤ ከታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው እነሱን ነው። ፈዛዛ ቢጫና አንጸባራቂ የሆነው ሜፕል ግን ብዙውን ጊዜ ቫርኒሽ ስላለበት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ማድረቅ ይበቃዋል።

ክሮቹን ቀስ በቀስ አላልቶ ማውጣት፣ የአኩስቲክ ጊታርን የድምፅ ቀዳዳ በጨርቅ፣ የኤሌክትሪኩን ፒክአፖች (ከክሮቹ ሥር ያሉትን፣ ድምፁን የሚቀበሉ ማግኔት ያለባቸው ክፍሎች) ደግሞ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ይገባል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው እድፉን ማንሣቱ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ነክሮ፣ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨምቆ፣ በተጋገረው እድፍ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ያለሰልሰዋል። ከዚያም ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ፣ ማለትም በአንገቱ ርዝመት፣ በቀስታ መፋቅ ነው፤ እድፉ እንደ ጥቁር ክር እየተጠቀለለ ይነሣል። ከፍሬቱ ሥር ለሚቀረው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቀረጸ የጥርስ መፋቂያ ከማንኛውም የብረት መሣሪያ ይሻላል፤ ለስላሳ እንጨት ጠንካራውን እንደ ብረት አይቧጭረውምና። ሮዝውድ በተፈጥሮው ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱ ሲታዩ ማቆም እንጂ ቀዳዳውን መቆፈር አይገባም። ጨርቁ ላይ ጥቁር ስለወጣ ብቻም መፈግፈጉን መቀጠል ስሕተት ነው፤ አንዳንድ ኢቦኒ በፋብሪካ ቀለም የተነከረ በመሆኑ የሚወጣው ቀለሙ ሊሆን ይችላል።

የድስት መፈግፈጊያ ሽቦን በፍጹም አልመክርም። እጅግ ደቃቁ ባለ 0000 የብረት ሱፍ እንኳ ፍሬቶቹን ለማጥራት ቢጠቅምም፣ ብናኙ በፒክአፑ ማግኔት ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ያለ ፕላስተር መነካት የለበትም። አልኮልም እንጨቱን ያደርቃል፣ ቫርኒሽንም ያበላሻል።

ከጽዳቱ በኋላ ደርቆ የገረጣ እንጨት ጥቂት ዘይት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊታር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጎጃም የኑግ አገር በመሆኑ ከቤት የማይጠፋውን የኑግ ዘይት መቀባት ይቀላል፤ ዳሩ ግን የኑግ ዘይት በስሱ ተቀብቶ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። በዚህ ዘይት የተቀባ የአንድ የምሽት ቤት ተጫዋች ጊታር መጥቶልኝ ጣት ይዞ የማይለቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሙጫውን ማንሣት እድፉን ከማንሣት እጅግ የበለጠ ከባድ ነበር። ቅቤም ሲከርም ይሸታል። የሚመረጠው የማይደርቀውና የማይሸተው፣ በፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ነው፤ ሦስት ወይም አራት ጠብታ በጨርቅ ላይ አድርጎ መላውን ሰሌዳ ማዳረስ፣ ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆም የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አጥርቶ መጥረግ ይገባል።

ከዚያ አዲስ ክር አስሮ መቃኘት ነው። ዘይቱ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ እድፉ ግን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ክሩንና ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ ለሚጠርግ ሰው በቶሎ አይጋገርም።