ልጃችሁ በሰው ደም ሲጠረጠር

ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የውርስ ክርክር ያለበት ሰው አረፍ ብሎ ያስረዳል። ልጁ ሰው ገድሏል ተብሎ የተያዘበት ወላጅ ግን እንደቆመ «ልጄ ዶሮ እንኳን ማረድ አይችልም ብለህ ጻፍልኝ» ይላል። አልጽፍም፤ ዳኛው ስለ ዶሮ አይጠይቅም። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሲሆን «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንላለን፤ የራሳችን ሲያዝ ተረቱ ይጠፋናል።

በመጀመሪያ ዕቃውን አትንኩ። «ምንም አላደረገም» እያለች የልጇን ሸሚዝ በሳፋ ዘፍዝፋ የመጣች እናት አጋጥማኛለች። «ቆሽሾ ነበር» አለችኝ። ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ልጁ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሸሚዙ ይመሰክርለት ነበር።

ከዚያ ያያችሁትን ብቻ በወረቀት አስፍሩ፦ መቼ ወጣ፣ ከማን ጋር፣ መቼ ገባ። ተኝታችሁ ከነበረ «ማታ ቤት ነበር» አትበሉ። ሌሊት ወደ ቤት ያመጣውን የባጃጅ ሹፌር ዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጎ ካቀረበ፣ ከዚያ በኋላ እውነት ብትናገሩም የሚያምናችሁ የለም።

ጣቢያ ምግብ ስትወስዱ ፖሊሱ «ቅመሱ» ይላችኋል፤ ቅመሱ፣ አትቆጡ። ልጁን ስታገኙት ግን «አላደረግሁም በለኝ» ብላችሁ አትለምኑት። እናቱ እያለቀሰች ከለመነችው ይላታል፤ አንዴ ካለ ደግሞ ለጠበቃውም ያንኑ ይደግማል። ምናልባት ሰውየው ቢላዋ መዞበት ራሱን ሲከላከል ይሆናል የመታው። ይህን ሕጉ ይሰማዋል። «እዚያ አልነበርኩም» ብሎ የቆየ ልጅ ግን ኋላ ዞሮ «ነበርኩ፣ ሊወጋኝ ሲል ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል? «በልተሃል? ታመሃል? ለጠበቃህ ሁሉንም ንገር» በቂ ነው። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌላችሁ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ይጠይቅ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይፈቅድለታል።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ካለ ዳኛው በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ሊፈቅድለት ይችላል። ሰው በሞተበት ከባድ ክስ ዋስትና ቢከለከል ደግሞ «ዳኛው ቂም አለበት» አትበሉ፤ ሕጉ ራሱ ይከለክላል።

የሟች ቤተሰብ ዘንድ «የእኛ ልጅ አልነካውም» የሚል ሽማግሌ አትላኩ፤ ኀዘን ላይ ጠብ መጨመር ነው። የሚሄዱት ሽማግሌዎች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይመለሱ፤ የእርቁ ነገር ይቆይ። እርቅ ቢወርድም የግድያ ክስ አይቋረጥም፤ የቀሩትን ወንድሞቹን ከደም መላሽ ያድናል እንጂ። ሁለታችሁም ጊዮርጊስ የምታስቀድሱ ከሆነ ለጊዜው እናንተ ሽምብጥ ሚካኤል ሂዱ።