የኮምፒውተራችሁ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚያሰጋው?

በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ የጌም ኮምፒውተር ያለው ሰው አንድ አመል አለው። ጌሙን ይከፍትና ዓይኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የፕሮሰሰር ሙቀት ላይ ተተክላ ትቀራለች። 79፣ 85፣ 82... ቁጥሯ በዘለለች ቁጥር ልቡም አብሮ ይዘላል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ግን ያቺ ቁጥር ስለ ማቀዝቀዣው ብዙም አትነግራችሁም። ፕሮሰሰር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 20 ዲግሪ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል፤ እንዲያውም የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ ቢደርሱ ብልሽት አይደለም፣ እንደዛ ሆነው ነው የተሠሩት። ፈሳሹ ግን አይቸኩልም። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። መከታተል ያለባችሁ እሱን ነው።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይሄው፦ ጌም ላይ ፈሳሹ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ እሰየው። እስከ 45 ድረስም አትጨነቁ። ወደ 50 ከተጠጋ የሆነ ቦታ የሚፈተሽ ነገር አለ። 60 ቀይ መስመር ነው።

ለምን 60? ፕሮሰሰሩ ስለሚቃጠል አይደለም፣ እሱ ሲሞቅበት ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልሆነለትም ይጠፋል። የሚጎዱት ሌሎቹ ናቸው። ብዙዎች የሚጠቀሙት ዲ5 የሚባለው ፓምፕ የተሠራው እስከ 60 ዲግሪ ለሚሞቅ ፈሳሽ ነው። ፒኢቲጂ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ጠንካራ ቱቦ ደግሞ በዚሁ ሙቀት አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ከለሰለሰ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ይጣመምና ከዚያ በኋላ ግራፊክስ ካርዳችሁ ላይ ጠብ ጠብ ነው። አክሪሊክ ቱቦ የተሻለ ይችላል።

1. መጀመሪያ ሙቀቱን የምታዩበት ነገር ይኑራችሁ

ኤአይኦ የሚባለው፣ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ካላችሁ አንዳንዱ ውስጡ ሴንሰር አለውና ከራሱ ሶፍትዌር ላይ የፈሳሹን ሙቀት ታነቡታላችሁ። ሴንሰር የሌለውም አለ። በእጃችሁ የገጣጠማችሁት ከሆነ መጋጠሚያው ላይ እንደ ቡሎን የሚጠብቅ ትንሽ ሴንሰር አለ፣ ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎቹ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ይሰካሉ። ሁሉም ማዘርቦርድ መሰኪያው የለውም፤ ሳትገዙ በፊት መመሪያውን እዩ።

የት ልግጠመው ብላችሁ አትጨነቁ። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ አንድ ላይ 400 ዋት ሙቀት ቢያወጡ፣ በደቂቃ 4 ሊትር ፈሳሽ በሚዞርበት ሲስተም ውስጥ በጣም በሚሞቀውና በጣም በሚበርደው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት 1.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ፍሰቱ በደቂቃ ወደ 1 ሊትር ከወረደ ግን ወደ 6 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያኔ ቦታው ለውጥ አለው።

2. አየሩን ለኩ

ስልካችሁ የሚያሳየውን የአየር ትንበያ ሳይሆን ራዲያተሩ (ፈሳሹ ሙቀቱን ለአየር የሚለቅበት፣ ፋን የተገጠመለት ክፍል) የሚስበውን አየር። ተራ ቴርሞሜትር ወስዳችሁ አየሩ ከሚገባበት ፋን ፊት አስቀምጡ። ራዲያተሩ አየር የሚስበው ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው የኬዙ ውስጥ ሙቀት ነው፤ ብዙ ሰው ክፍሉን ለክቶ "ማቀዝቀዣዬ ደካማ ነው" የሚለው እዚህ ጋ ተሸውዶ ነው።

3. ከበድ ያለ ጌም ክፈቱና ተጫወቱ

ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። አምስት ደቂቃ ተጫውቶ "ፈሳሼ 31 ነው" ማለት ራስን መሸወድ ነው፣ ምክንያቱም ገና መንገድ ላይ ነው። በየአስር ደቂቃው ጻፉት፦ 27፣ 33፣ 37፣ 38፣ 38። መውጣቱን ያቆመበት ላይ ነው የእናንተ ቁጥር። በነገራችን ላይ ራዲያተር ባይኖር ኖሮ 1 ሊትር ውሃ በ400 ዋት በየ10 ሰከንዱ 1 ዲግሪ ገደማ ይጨምር ነበር።

4. ቀንሱ

የፈሳሹ ሙቀት ሲቀነስ የአየሩ ሙቀት። 10 ከመጣ ግሩም ነው፣ 15 ጥሩ፣ 20 ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ራዲያተሩ አንሷል፣ ወይ አቧራ ደፍኖታል፣ ወይ ፋኑ ተኝቷል። ክፍሉ 22 ሆኖ ፈሳሹ 37 ቢሆን፣ ክፍሉ 32 ሆኖ ፈሳሹ 47 ቢሆን፣ የማቀዝቀዣው ጤና አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ለቀይ መስመሩ ቀርቧል፣ መፍትሔውም ራዲያተር መጨመር ሳይሆን መስኮት መክፈት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከመጣ ደስ አይበላችሁ። ራዲያተር ፈሳሹን ከአየሩ በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፣ አንዱ ልኬት ተሳስቷል።

5. ፋኑን ከፕሮሰሰሩ አላቁት

ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው የፋኑን ፍጥነት የሚወስነው በፕሮሰሰሩ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ብሮውዘር በከፈታችሁ ቁጥር ቩውውው ብሎ ይነሳና ወዲያው ይተኛል። ፈሳሹ ግን ምንም አልሆነም! ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ወይም ፋን ኮንትሮል በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የራዲያተሩን ፋኖች በፈሳሹ ሙቀት እንዲሄዱ አድርጉ። ክፍሉ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ እስከ 30 ዲግሪ 30 በመቶ፣ 35 ላይ 50፣ 40 ላይ 75፣ 45 ላይ ሙሉ። ክፍላችሁ ሞቃት ከሆነ ሁሉንም ወደ ላይ ግፉት፣ አለበለዚያ ፋኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ፓምፑን ከፍ ዝቅ አታድርጉት፣ 70 ወይም 80 በመቶ ላይ ትታችሁት እርሱት።

6. ችግር ሲመጣ የፈሳሹንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት አንድ ላይ እዩ

ሁለቱም ከሞቁ ችግሩ ራዲያተሩ ጋ ነው፦ አቧራ፣ ፋን፣ የሚገባው አየር። ፈሳሹ ቀዝቃዛ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከጋለ ግን ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ አልደረሰም ማለት ነው። ተርማል ፔስቱ (ፕሮሰሰሩና ብሎኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ፣ ብሎኩ (ፈሳሹ የሚያልፍበት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጫነው ብረት) በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ወይም ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶች በቆሻሻ ተዘግተው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የእኔ ዓይነቱ ነገር።

አንዴ አቧራ ላጸዳ ኬዙን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩ። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፕሮሰሰሩ 97፣ ፈሳሹ 26። ሴንሰሩ ነው የተበላሸው ብዬ ድርቅ አልኩ። ከዚያ ቱቦውን በእጄ ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ፣ ያቺ የለመድኳት ንዝረትም የለችም። ለካ የፓምፑን ገመድ ሳልሰካው ዘግቼዋለሁ። ፈሳሹ ቆሟል፣ ሴንሰሩ ደግሞ ራዲያተሩ ጋ ሆኖ የቆመውን ቀዝቃዛ ውሃ እየለካ "ሁሉ ሰላም" ይለኛል።

7. ማስጠንቀቂያውን ሙሉ

ፈሳሹ 50 ሲደርስ እንዲጮህ፣ 55 ሲደርስ ኮምፒውተሩ እንዲጠፋ አድርጉ፣ ሶፍትዌራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ። ግን እንዳያችሁት የቆመ ፓምፕ በፈሳሽ ሙቀት አይያዝም። ስለዚህ ፓምፑ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ዜሮ ሲሆንም እንዲጮህ ሙሉት። ባዮስ ውስጥ ይሄ ብዙ ጊዜ የፋን ማስጠንቀቂያ ተብሎ ነው የሚገኘው፣ ፓምፑ የተሰካበትን መሰኪያ ፈልጋችሁ እሱ ላይ አብሩት።