ጫጩቶች ሌሊት ጥግ ላይ ተደራርበው ሲሞቱ

ከእናታቸው የተለዩ የአንድ ሳምንት ጫጩቶች ቀን ሲበሉና ሲሯሯጡ ይውሉና ጠዋት ሁለት ሦስቱ የሳጥኑ ጥግ ላይ ተደፍጥጠው ይገኛሉ። ቁስል የለም፤ ኩሳቸውም ደህና ነው። ከሥር የነበሩት ብቻ ላባቸው ርጥብ ነው።

በሽታ መስሎን በውሃ የሚሰጥ ቫይታሚን ሞከርን፤ ለውጥ የለም። ነገሩ ብርድ ነበር፤ ሲበርዳቸው ጥግ ላይ ይደራረባሉ። ለማሞቅ ያበራነው አምፖል ሠርቶ ነበር፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ነገሩ ተመለሰ። ከሰል በጭራሽ አትሞክሩ፤ በተዘጋ ክፍል ጋዙ ጫጩትም ሰውም ይገድላል።

የሠራው ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የሣር ሳጥን ነው። በእንጨት ሳጥን ውስጥ ካርቶን ክብ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ጥግ ከሌለ መደራረቡ ይቀንሳል። በካርቶኑና በሳጥኑ መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሣር ወይም የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁ። ወለሉ ላይም ጭድ ይነጠፍ፤ ሰጋቱራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለቅሙታል። ክዳኑ በሽቦ ወንፊት ላይ የተኛ፣ ጭድ የተሞላ ጆንያ ነው። ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን የአየር ቀዳዳ ይበሳ። ጠዋት ግድግዳው ካላበው ቀዳዳው አንሷል ማለት ነው።

ሙቀቱ ከራሳቸው ገላ ስለሚመጣ አምስት ስድስት ጫጩት አይበቃም። ለጥቂቶች በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጀሪካን መሃል አድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት በጀርባቸው ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ቀንሱ። አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ጆንያውን ገለጥ አድርጉ።

የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ሳይጨልም በእጅ አስገቧቸው፤ በኋላ ራሳቸው ይገባሉ።