ጃንክ ፉድና ውፍረት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ወፈርክ፤ ተስማምቶሃል» የሚለው አነጋገር እንደ ምርቃት በሚቆጠርበት አገር ውፍረትን እንደ ጤና ችግር ማንሳት ቀላል አይደለም። ረሃብን በቅርብ የሚያስታውስ ሕዝብ ሥጋ የለበሰ ልጅ ሲያይ ደስ ቢለው የሚፈረድበት አይደለም። ነገር ግን ዓይናችን ሰውነት ላይ ብቻ ሲያርፍ ሳህኑና ጠርሙሱ፣ ማለትም ስኳር፣ ቅባትና ጨው የበዛበት ጃንክ ፉድ፣ ሳይታዩ ያልፋሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

«የሀብታም አገር ጣጣ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ይህን ይዞ «እኛ ገና መች ጠገብን?» ማለት የተለመደ ነው። ይኸው ጥናት ግን ከከተማ ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ገደማ ክብደቷ ከሚገባው በላይ መሆኑንም መዝግቧል። የቀነጨረ ሕፃንና ክብደቷ ያለ ልክ የጨመረ እናት በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። ሆድ የሚሞላው ምግብና ሰውነት የሚገነባው ምግብ ዋጋቸው ለየቅል ነውና። ብስኩትና ለስላሳ ከየጉልቱ ሱቅ በጥቂት ብር ይገዛሉ፤ እንቁላል፣ ወተትና ፍራፍሬ ግን ለብዙ ደመወዝተኛ በየቀኑ የሚደረስባቸው አይደሉም።

«ቀጭን ስለሆንኩ አያሰጋኝም»

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ማስረጃውም ከራሳችን ወገኖች የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ሁለት ታላላቅ የአየር ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ነዋሪዎች ነበሩ። ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው የለም ማለት ይቻል ነበር። የእርሻው ድካም ቀርቶ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር፣ ለስላሳና የታሸገ ምግብ የዕለት ኑሮ ሲሆኑ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕሙማኑ ቁጥር አሻቀበ። ተመራማሪዎቹ ያስተዋሉት ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ሕሙማን ወፍራም አልነበሩም። ሌላው እስራኤላዊ ገና በማይታመምበት ክብደት ላይ ሆነው በስኳር ተያዙ።

ስለዚህ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ስልሳ አምስት ኪሎ ነኝ» ብሎ መጽናናት አይበቃም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል፤ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ሲበልጥ ቦርጩ ትንሽ ቢመስልም ማስጠንቀቂያ ነው። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ወሰኑ 85 ነው ማለት ነው። በቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ሜትሩንም ሳይጠብቁ የደም ምርመራ ማድረግ ነው።

«መጠጥ እኮ ነው»

እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ፣ ሠርግ ላይ ለስላሳ፣ ጥሬ ሥጋ ከተበላ በኋላ «እንዲፈጭልኝ» ተብሎ አሁንም ለስላሳ። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። በስኒ ሻይ ውስጥ ስምንት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ብናይ እንደነግጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ስኳር ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ለሕፃናት ደግሞ ስሌቱ ከዚያም ያንሳል። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ከሁለተኛው ወሰን አልፋለች፤ የጠዋቱ ሻይና የከሰዓቱ ማኪያቶ ገና አልተቆጠሩም።

መጠጥ ከምግብ የሚከፋበት ምክንያት አለው። በፈሳሽ የገባ ስኳር እምብዛም አያጠግብም፤ ለስላሳ የጠጣ ሰው ከምሳው ያን ያህል አይቀንስም። የግማሽ ሊትሩን ለማቃጠል ደግሞ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። «ስፖርት ስለምሠራ ችግር የለም» የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ሒሳብ ሲሰሙ ወሬ ይቀይራሉ።

ጭማቂም ከዚህ አያመልጥም። ፍሬው ተጨምቆ አሰሩ ሲቀር ስኳሩ ከለስላሳው ስኳር ጋር አብሮ ይቆጠራል፤ በየጁስ ቤቱ የሚጨመረው ሽሮፕ ሲታከልበት ደግሞ ባሰ። ሕመምተኛ ስንጠይቅ በፌስታል ይዘን የምንሄደው የታሸገ ጁስና ማልት፣ በተለይ ታማሚው ስኳር ያለበት ከሆነ፣ ለእርሱ ውለታ አይደለም። ብርቱካኑን እንዳለ መውሰድ ይሻላል።

«የጾም ነው፤ ምን ይጎዳል?»

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ባቄላ ያለበት የጾም ገበታ በዓለም ካሉ ጥሩ አመጋገቦች ጋር ሊሰለፍ የሚችል ነው። ዛሬ በከተማ «የጾም» ተብሎ የሚሸጠው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ የጾም ኬክ፣ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖ፣ የድንች ጥብስ የተሞላ እርጥብ። ቅቤ የለበትም እንጂ ስኳሩና ዘይቱ አልጾሙም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ሥር ላይ ጫና የሚያመጣው የቅባት ዓይነት ነው፤ በከፊል ሃይድሮጅን ተጨምሮበት የረጋ የአትክልት ዘይት ካለ ደግሞ ትራንስ ፋት የሚባለው ቅባት ስለሚኖረው ለልብ ከቅቤም የከፋ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ባዶ ሆድ ላይ ፓስቲና ለስላሳ መወርወር የጾሙም የጤናም ሐሳብ አይመስለኝም።

«ሆዳም ስለሆነ ነው»

ወፍራምን ሰው መስደብ ቀላል ነው፤ ምርምሩ ግን ሌላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ኬቨን ሆል የመራው ጥናት 20 ሰዎችን በምርምር ማዕከል አስገብቶ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ከቤት ምግብ የሚቀራረብ ነገር አቀረበላቸው። በሁለቱም በኩል የቀረበው ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ነበር፤ እነርሱም እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተነገራቸው። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን ወደ 500 ካሎሪ አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ወደ ሌላው ሲዛወሩ ያንኑ ያህል ቀነሱ።

ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ባሕርያቸውም በሁለት ሳምንት አልተለወጠም። የተለወጠው ምግቡ ነው። ልስልስና ለማኘክ ቀላል ተደርጎ የተሠራ ምግብ በፍጥነት ይዋጣል፤ ሆድ «ይበቃኛል» ከማለቱ በፊት ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ይህን ያወቀ ሰው የዘመዱን ቦርጭ እያየ ከመቀለድ ይልቅ የታሸገውን ነገር ከቤት ማስወጣት ይቀናዋል።

«ልጅ አይደል፤ ይብላ»

ብስኩት በወተት እያራሱ ማብላት፣ ሲያለቅስ ከረሜላ፣ ፈተና ሲያልፍ በርገር። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስኳር ጨርሶ ባይጨመርለት ይመረጣል፤ ምላሱ ያኔ የለመደውን ኋላ ለማስተው ብዙ ልፋት አለ። ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው በአምስት ደቂቃ የሚደርስ ኑድልም በቅመሟ ከረጢት ውስጥ ለልጅ የሚበዛ ጨው ይዟል። ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ በሽሮ ሲቀርብ «ጓደኞቼ ይስቁብኛል» የሚል ልጅ አለ። ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ ማስታወቂያዎቹን ማየት ነው፤ ኬክና ለስላሳ የደስታ፣ ቆሎ የድህነት ሆነው ተሥለዋል።

ማቅጠኛ ፍለጋ

ማቅጠኛ ሻይ የሚያስቀምጥ ከሆነ የሚቀንሰው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ስኳር አልባ ለስላሳ ከመደበኛው ቢሻልም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው ሠራሽ ማጣፈጫን ለክብደት መቀነሻ አትቁጠሩት ብሏል። ውኃ አለ፤ ስኳር ያልገባበት ሻይና ቡና አለ።

«ሁሉም በየቤቱ ይጠንቀቅ»

ቤተሰብ ብቻውን ፋብሪካን አይችልም። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛበት ጥቅል ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች፤ እነዚህን ምግቦች ከትምህርት ቤት ግቢ አስወጣች፤ ልጆችን የሚያማልሉ የካርቱን ሥዕሎችንም ከጥቅሎቹ ላይ አስነሣች። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። የትምህርት ቤቱን ሱቅ ጉዳይ ግን አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በአንድ ስብሰባ ላይ ሱቁ ምን እንደሚሸጥ አንስቶ ሊነጋገር ይችላል፤ በየስብሰባው ስለ መዋጮና ስለ ዩኒፎርም ከሚነሣው ጋር አንድ አጀንዳ መጨመር ብቻ ነው።