በካድ ስትልኩ ዕቃውም ገንዘቡም እንዳይቀርባችሁ

ቃሊቲ ወይም ገላን መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራችሁ ኮንቴይነር ለመሙላት እየተዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ካድ (ገዢው ከፍሎ የዕቃውን ሰነድ ከባንክ የሚወስድበት አከፋፈል) ከኤልሲ (የገዢው ባንክ ራሱ እከፍላለሁ ብሎ ዋስ ከሚሆንበት) ወጪው ያነሰ ነው፤ ጣጣውም ቀለል ይላል። ግን ባንኩ ሰነድ ያደርሳል፣ ሲከፈል ገንዘቡን ያስተላልፋል፤ ገዢው እምቢ ካለ ከኪሱ አይከፍልላችሁም። ዶላሩ ካልገባ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ዕቃው ጅቡቲ ላይ ሲጫን ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (መርከቡ ዕቃውን ስለመረከቡ የሚሰጠውን፣ ዕቃው የሚወጣበትን ሰነድ)፣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና ሌሎቹን ሰነዶች ለባንካችሁ ትሰጣላችሁ። እሱ ለገዢው ባንክ ይልካል። ገዢው ከፍሎ ሰነዱን ይወስዳል፣ በሰነዱ ዕቃውን ያወጣል።

አደራ የምላችሁ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን ነው። ኮንሳይኒ (ዕቃ ተረካቢ) በሚለው ቦታ የገዢው ስም በቀጥታ ከገባ፣ በአንዳንድ አገር ዋናውን ወረቀት ሳያሳይ ዕቃውን ሊረከብ ይችላል። ስለዚህ ትራንዚተራችሁን (የጭነትና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚያችሁን) በዚያ ቦታ ከገዢው ስም ይልቅ «ቱ ኦርደር» (በፊርማ ለሚተላለፍለት) አስብለው በሉት፤ ከዚያ ጀርባው ላይ ፈርማችሁ ለባንክ ስጡ። ብዙ ጊዜ ሦስት ኦሪጅናል ይወጣል፤ አንዱ ብቻውን ዕቃውን ያስወጣል። ገዢው «ጉምሩክ እንዲፈጥንልኝ አንዱን በቀጥታ ላክልኝ» ቢል፣ የቱንም ያህል ወዳጅ ቢሆን፣ እሺ አትበሉ። ሦስቱም በባንክ ይሂዱ።

በቦሌ በአውሮፕላን የሚሄድ ሥጋ ወይም አበባ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የአየር መንገዱ ወረቀት የባለቤትነት ሰነድ ስላልሆነ ስሙ የተጻፈው ሰው ዕቃውን ይረከባል፣ ካድ ብላችሁም አያድናችሁም። ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ። በገዢው ባንክ ስም መላክም ይቻላል፣ ባንኩ አስቀድሞ ከተስማማ ብቻ።

ለባንክ የምትሰጡትን መመሪያ ራሳችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ሰነዱ ሲከፈል ይለቀቅ ወይስ ገዢው በቀነ ቀጠሮው እከፍላለሁ ብሎ ሐዋላ ሰነዱ (የክፍያ ማዘዣው) ላይ ሲፈርም? በፊርማ ከሆነ ገዢው ዕቃውን ዛሬ ይወስዳል፣ ገንዘቡ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ በእጃችሁ ያለው ፊርማው ብቻ ነው። ለአዲስ ገዢ በፍጹም አይሆንም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዩአርሲ 522 (ባንኮች እንዲህ ያለውን የሰነድ ክፍያ ሲያስፈጽሙ የሚመሩበት ዓለም አቀፍ ደንብ)፣ ሐዋላ ሰነዱ ወደፊት የሚከፈል ሆኖ መመሪያው ዝም ካለ ሰነዱ የሚለቀቀው ሲከፈል ብቻ ነው ይላል። እናንተ ግን በግልጽ ጻፉት። የባንክ ወጪውን ማን እንደሚችልም ጨምሩበት።

ገዢው አልከፍልም ካለ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ የወደብ ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። ሌላ ገዢ ፈልጉ፣ ወይም ዕቃውን አስመልሱ፣ ውሳኔያችሁንም ለባንካችሁ ቶሎ በጽሑፍ ስጡ። የገዢው ባንክ አለመከፈሉን አሳውቆ በ60 ቀን ውስጥ ምላሽ ካላገኘ ሰነዱን መመለስ ይችላል።